«አለሽ ወይ»፦ ሮቢት ስልክ ቤት ያሳለፍኩት ዘመን

ከስልክ ቤት ስለ መውጣቴ ሮቢት ውስጥ የሚወራው ብዙ ነው። አንዱ «ጆሮዋ ደክሞ ነው» ይላል። ሌላው «በልጇ ምክንያት አእምሮዋ ተነክቶ ነው» ይላል። አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ ፊት ለፊቴ ቆማ «እንደው ሉባባ፣ ያኔ ፈርተሽ ነው አይደል የተውሽው?» አለችኝ። ጆሮዬ ደህና ነው። አእምሮዬም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከራሴ ጋር ነው። መፍራቱን ፈርቻለሁ፤ እስከ ዛሬም እፈራለሁ፤ በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የማስበው ልጄን ነው። ፈርቼ የተውኩት ሥራ ግን የለም።

አሁን አዲስ ማሽን መጥቷል፤ ሰው ሳይነካው ራሱ ያገናኛል። የእኛ ስዊችቦርድ፣ ጥሪ በእጅ የምናገናኝበት ሰሌዳ፣ ከቤት ወጥቶ ግቢ ውስጥ ዝናብ ይመታዋል። ማሽኑን ከተከሉት ልጆች አንዱ «እትዬ፣ ይሄ እኮ በየጊዜው ለጎረቤቱ ምልክት ይልካል፤ ደጋግሞ መልስ ካጣ ጎረቤቴ የለም ብሎ በሌላ መንገድ ይዞራል» ብሎ ሲያስረዳኝ ሳቄ መጣ። «ምን ያስቅሻል?» አለኝ። «እኛ ይህንኑ በአፋችን ነበር የምንሠራው» አልኩት። እሱም ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎታል። የዚያን ቀን ነው ልጻፈው ያልኩት። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ፊደሉ ቢጎረብጥ አንባቢ ይቻለኝ።

ባሌ የመስመር ሠራተኛ ነበር። ምሰሶ ይወጣል፣ የተበጠሰ ሽቦ ይቀጥላል። ጀውሃ ወንዝ አካባቢ ከምሰሶ ወድቆ ሞተብኝ። ልጃችን ፋጡማ ያኔ ገና ፊደል መቁጠር መጀመሯ ነው። ስልክ ቤቱ ለሟች ሚስት ብሎ ጽዳት ቀጠረኝ። ደርግ ሲመጣ ስዊችቦርዱ ላይ የምትሠራው ልጅ ወደ ሌላ አገር ተዛወረች፣ ምትክ ሳይመጣ ቀረ፣ ኃላፊያችን ጋሼ ታደሰም መጥረጊያ እንደያዝኩ «ሉባባ፣ እስቲ ለዛሬ ብቻ ቁጭ በይ» አሉኝ። የዛሬ ብቻው ዓመታት ሆነ። ደመወዙን አላነሳውም፤ ለጨውና ለሳሙና ይበቃ ነበር።

ጋሼ ታደሰ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ሲመጣ ግን መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው «እኔ የለሁበትም» ነው። ጣሪያው ቢያፈስ የሉበትም፤ ደመወዝ ቢዘገይም የሉበትም። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉም።

ያስተማሩኝ የደብረ ሲናዋ እትዬ አስካለ ናቸው። ከዳገቱ ላይ ሆነው በሽቦ ነው ያስተማሩኝ። መልካቸውን ሳላውቅ ስንት ዘመን በድምፃቸው ኖርኩ! እኛ ቆላው ውስጥ ላብ ከማዳመጫው ላይ ይንጠባጠባል፤ እሳቸው እዚያ ላይ በጋቢ ተጀቡነው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ቆሎው በሽቦው ውስጥ ይሰማል፤ ቀርጠፍ ቀርጠፍ። ቆሎው ከቆመ ነገር አለ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ክዳኑ ዱብ ሲል (መስመር ሲጠራ ከሰሌዳው ላይ የምትወድቅ ትንሽ ክዳን አለች) የገመዱን ሰኪ ቀዳዳው ውስጥ ሰካሁ።

«ደብረ ሲና አለች። ሮቢት አለች?»

«አቤት፣ እንደምን አደሩ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ እንኳ ለዛሬ ብቻ...»

«ሰላምታውን ቆይተን እናደርሰዋለን። ሮቢት አለች ወይስ የለችም?»

«አለች።»

«እንዲህ በይኝ! መጀመሪያ መኖርሽን ንገሪኝ። ከዚያ ስለ ጤናሽም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለፈለግሽው አውሪኝ።»

ይህ ጥሪ በወረቀት ላይ ስሙ የመስመር ፍተሻ ነው። እኛ «አለሽ ወይ» ነበር የምንለው። በየግማሽ ሰዓቱ፣ ሥራ ኖረም አልኖረም፣ እያንዳንዱ ስልክ ቤት ለጎረቤቱ ይደውላል። ደብረ ሲና ለእኔ፣ እኔ ለአጣዬ፣ አጣዬ ለካራቆሬ፣ እንዲህ እያለ እስከ ደሴ ይወጣል፤ ጠሪው ከዘገየ ተጠሪው ራሱ መልሶ ይደውላል። አንዴ ዝም ካለ ምንም አይደለም፤ ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናል። ሁለቴ ዝም ካለ ልብ ትያለሽ። ሦስተኛውንም ዝም ካለ መጠበቅ የለም፤ «እገሌ ተቋርጣለች» ብለሽ ለወዲያኛው ጎረቤት ትናገሪያለሽ፤ እሱም ለቀጣዩ። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል የሚያልፍ ጥሪ አትቀበይም፤ በአዲስ አበባ ዞሮ፣ በደሴ አድርጎ፣ ከወዲያ በኩል ይሞከራል።

«ለምን ዝም ብለን ሰው ሲደውል አናየውም?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

«ምጥ የያዛት ሴት ባል ደውሎ መስመር የለም ትይዋለሽ? እሱ ሳይመጣ በፊት እንድናውቀው ነው።»

ጥሪ የሚልከውን እጀታ ማዞርንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰው ሲያዞር ያዞራል በቃ። እሳቸው ግን በሁለት ጣት ብቻ ይዤ እንዳዞረው ያስገድዱኝ ነበር፤ በሙሉ እጅ ከጨበጡት አይሰማም። «እንደ ባዶ ነገር ከሮጠልሽ ሽቦው ተበጥሷል። ከከበደሽና ከታገለሽ ሁለቱ ሽቦ ተነካክቷል፤ እርጥብ ቅርንጫፍ ወድቆበታል፣ ወይ ዝንጀሮ ተንጠልጥሎበታል። እንደ ሁልጊዜው ሆኖ መልስ ብቻ ካጣሽ ግን መስመሩ ደህና ነው፤ የጠፋው ሰው ነው። ለሽቦው ሠራተኛ ላኪ። ለሰው ግን ሰው ላኪ።» ጠዋት ጠዋት ሰኪዎቹን በጨርቅ ወልውይ ይሉኛል፤ እኔ መወልወሌን በጆሯቸው ያውቁታል። «ሦስተኛው መስመርሽ ይንሿሿል፤ አልወለወልሽውም» ይሉኛል። ወላሂ አልወለወልኩትም ነበር።

አንዴ ወደ አጣዬ እጀታው እንደ ላባ ሮጠልኝ። ሠራተኛ ተላከ። ከሁለት ምሰሶ መሐል ሽቦው ተቆርጦ ተወስዷል። ማን እንደወሰደው ሳይታወቅ ከረመና በሌላ ጊዜ ሰርግ ተጠርቼ ብሄድ ሙሽራዋ እጇን እስከ ክርኗ በአምባር ሞልታለች። አንጠረኛው ሽቦውን አሳምሮ ጠምዝዞታል። ያን ሽቦ ባሌ በትከሻው ተሸክሞ ሲያመጣው ያየሁት ነው፤ ይጠፋኛል? ለጋሼ ታደሰ ብነግራቸው «ሙሽራ ላይ እኔ የለሁበትም» አሉኝ። እኔም እልል ብዬ፣ ሰርጌን በልቼ ተመለስኩ።

አሁን ወደማይቀለድበት ልሂድ።

የአጣዬው ጋሼ መኮንን ሽማግሌ ነበሩ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ። ስልክ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ነበር የሚያድሩት። ድምፃቸው ወፍራም፣ ቁም ነገረኛ። አንድ የክረምት መውጫ ላይ «አጣዬ አለች?» ስል የመለሰልኝ ዘበኛው ይማም ነው። «አለች። ጋሼ ወጣ ብለው ነው» አለኝ። በቀጣዩም እሱ ነው። ከሰዓትም እሱ። በነጋታውም። ጥሪ ሲመጣ «ትንሽ ቆይተሽ» ይለኛል። እኔም፣ ካራቆሬም፣ ሁላችንም «አለች» ስለተባልን አለች ብለን አሳለፍነው። ደንቡ ዝም ካለ ነበር የሚለው፤ አጣዬ ደግሞ ዝም አላለችም።

ጋሼ መኮንን ጓዳ ውስጥ ወባ ጥሏቸው ነበር። ይማምን «አደራህን እንዳትናገር፤ ካወቁ አርጅቷል ብለው ያወጡኛል፤ ነገ እነሳለሁ» ብለውታል። ይማም ሰው አክባሪ ነው። የሽማግሌ አደራ በላ እንዳይባል፣ ስማቸው እንዳይነሳ ብሎ «አለች፣ አለች» ሲል ሰነበተ። የወባ መድኃኒት ሮቢት ነበር፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይደርስ ነበር። ማንም አልላከም። ሞቱ።

ይማም ስልኩን ይዞ ሲያለቅስ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። «ወላሂ ለሳቸው ብዬ ነው፣ እትዬ ሉባባ! ክፉ አስቤ አይደለም!»

እትዬ አስካለ በዚያ ሳምንት ቆሎ አልቆረጠሙም። ከዚያ መስመሩን በሙሉ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ አንድ ላይ ሰክተው ተናገሩ። «ከእንግዲህ አለች ማለት ብቻ አይበቃኝም። የሚመልሰው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ራሱ ይሁን፤ የማውቀው ድምፅ ይሁን። ደጅሽ ምን አለ ብዬ እጠይቃለሁ፤ በመስኮት አይቶ የዚያን ሰዓት ያለውን ይንገረኝ። የማላውቀው ድምፅ ከመለሰልኝ፣ ወይ ደጁን ካልነገረኝ፣ ዝም እንዳለ ነው የምቆጥረው።» ከበላይ የመጣ ትእዛዝ አልነበረም። የእሳቸው ነው። ግን ሁላችንም ያዝነው።

ሥራው እንኳ ደስ የሚል ሆነ። እኔ «ግመል» እላለሁ፤ «ሽንኩርት የጫነ አህያ» እላለሁ። እሳቸው ደጃቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጉም።» «ዛሬስ እትዬ?» «ጉም አልኩሽ እኮ፤ ከጉሙ ውስጥ በግ ይጮሃል።»

በጋሼ መኮንን ቦታ የተቀጠረችው ልጄ ፋጡማ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ወጣት ልጅ ቤት ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የወለደ ያውቀዋል። ከመንገድ ይወሰዳሉ፣ ከስብሰባ ይወሰዳሉ፤ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም፤ የት ነው ብሎ መጠየቅ ራሱ ጥፋት ነበር። አጣዬ ስትሄድ ሌሎች እናቶች አዘኑልኝ። እኔ ግን በልቤ ተመስገን አልኩ። የማንኛዋ እናት ልጅ ናት በየግማሽ ሰዓቱ «አለሁ» የምትላት?

«አጣዬ አለች?»

«አለች፣ እማ።»

«እማ አትበይኝ፤ ሥራ ላይ ነን።»

«እሺ፣ ሮቢት እማ።»

«ደጅሽ ምን አለ?»

«ሁለት ሰው በአንድ በግ ይጣላል። በጉ ሊያመልጣቸው ነው።»

ያ ክፉ ቀን የመጣበት ጠዋትም እንዲሁ ነበር። ጦር ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበርና መንገዱ በሎሪ ተጨናንቋል። «ደጅሽ ምን አለ?» አልኳት። «ሎሪ ብቻ እማ፤ ሎሪ፣ ሎሪ፣ ሎሪ» አለችና ሳቀች። ከኋላዋ አግዳሚው ላይ አንድ የአጣዬ ካድሬ ተራውን ይጠብቅ እንደነበር በምን ልወቅ?

በሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት እጀታውን በሁለት ጣት አዞርኩ። እንደ ሁልጊዜው ነው። መልስ የለም። ይሁን፣ ወጣ ብላ ነው አልኩ። ሁለተኛውን አዞርኩ። እጀታው ያው ነው፤ መልስ የለም። ጣቴ መስመሩ ደህና ነው፣ የጠፋው ሰው ነው አለኝ። መበጠሱን ተመኘሁ፤ ጎርፍ ምሰሶ ይጣል፣ ሙሽሮች በሙሉ አምባር ይሥሩበት ብዬ ተመኘሁ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መሐል አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ከመንገድ መጥቶ በመስኮቴ በኩል አንገቱን አስገባ። «ሉባባ አንቺ ነሽ? ይማም የሚባል ዘበኛ ልኮኝ ነው። ልጅሽን ቀበሌ ወስደዋታል። ሎሪ እየቆጠረች ለወንበዴ ታስተላልፋለች ብለዋል። ማታ ወደ ሌላ ቦታ ያሻግሯታል አሉ። እኔ ምንም አልነገርኩሽም፣ እሺ እህቴ?» ብሎ ሄደ። ውኃ እንኳ አልጠጣም።

ሦስተኛውን አዞርኩ። ወንድ አነሳ።

«አለሁ!»

«አጣዬ አለች?»

«አለች አልኩሽ እኮ! የሚያልፍ ጥሪ ካለሽ አምጪ።»

«ደጅህ ምን አለ?»

«ምን አገባሽ? አንቺ ነሽ እናትየዋ? ስሚ፣ አፍሽን ዘግተሽ ሥራሽን ሥሪ። ለልጅሽ የሚሻላት እሱ ነው።»

ሰኪውን ነቀልኩት። ጋሼ ታደሰ ከበሩ ላይ ሆነው ሰምተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሉባባ፣ አለች ካለ አለች በይና አሳልፊ። ሰውየው መለሰ አይደል?»

«የማላውቀው ድምፅ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱ የእትዬ አስካለ ፈጠራ ነው! በወረቀት የለም! እነዚህ ሰዎች ልጅሽንም አንቺንም ባንድ ጉድጓድ... እኔ የለሁበትም!»

ቁጭ አልኩ። ሐቁን ልጻፍ፤ አመነታሁ። ዝም ብዬ ባሳልፍ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይመስላል፤ አጣዬ ትናገራለች፣ መንገዱ ይሠራል፣ ማንም «ያቺ ልጅ የት ሄደች?» አይልም፤ ማታ ያሻግሯታል። ተቋርጣለች ብል ደግሞ ያ ሰውዬ ተናዶ እዚያው ምን እንደሚያደርጋት አላህ ነው የሚያውቀው። ሁለቱንም አየኋቸው። ከሁለቱ ዝምታው ባሰብኝ። ጋሼ መኮንን የሞቱት እኮ በ«አለች» ነው።

የደብረ ሲናን እጀታ አዞርኩ። ቆሎው ይሰማል።

«እትዬ አስካለ፣ አጣዬ...» ቆሎው ቆመ።

«አጣዬ ምን?»

«ሁለቴ ዝም አለች። አሁን ወንድ አነሳ።»

«የምታውቂው ነው?»

«አይደለም።»

«ደጁን ጠየቅሽው?»

«ጠየቅኩት፤ ሰደበኝ። እትዬ፣ ልጄ እኮ ናት! ወስደዋት ነው!»

ጉሙ ውስጥ በግ ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ «የማን ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ። አሁን የምጠይቅሽ ሌላ ነው» አሉኝ። «አጣዬ አለች ወይስ የለችም?»

«የለችም።»

«አልሰማሁሽም።»

«የለችም! አጣዬ ተቋርጣለች!»

«በቃ። አዲስ አበባ እነግራለሁ፤ አዲስ አበባ ለደሴ ይነግራል። ከወዲህም ከወዲያም በአጣዬ የሚያልፍ ጥሪ የለም። አንቺ ደግሞ ከወንበርሽ እንዳትነሺ።»

ከዚያ በኋላ ክዳኖቹ ይወድቁ ጀመር። ነዳጅ ማደያው ይደውላል፤ «አጣዬ ተቋርጣለች።» የእህል ነጋዴ ይደውላል፤ «አጣዬ ተቋርጣለች።» ያ ሰውዬ ከአጣዬ ራሱ ይደውላል፤ «አለሁ እኮ አልኩሽ፣ አንቺ ሴትዮ!» ይለኛል። «አላውቅህም» ብዬ እነቅለዋለሁ። ሰኪው በላብ ከእጄ ያዳልጥ ነበር፤ በቀሚሴ እየጠረግኩ እሰካለሁ፤ ዱዓ እያደረግኩ እሰካለሁ። ጋሼ ታደሰ ወጥተው ከዛፉ ሥር ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሻለቃ ገባ። መኪኖቹ ወደፊት ሄደዋል፤ እሱ ሮቢት ምሳ ሊበላ ቀርቷል። መኪኖቹ ካራቆሬ ላይ እንዲቆሙለት ሊደውል ከሆቴሉ ሞክሮ አልሆነለትም፤ በደሴ የሚዞረውም ወረፋ አለው። አቧራው ከቅንድቡ ላይ አልተራገፈም።

«የትኛዋ ናት አጣዬ የለችም የምትለው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሻለቃ።»

«አጣዬ ምን ሆነች?»

«መስመሩ ደህና ነው። ሠራተኛዋ ወንበሯ ላይ የለችም። የተቀመጠው ሰው ሥራውን አያውቀውም።»

«አገናኚኝ።»

«ደንባችን...»

«አገናኚኝ አልኩሽ!»

ሰካሁለት፤ ማዳመጫውን ሰጠሁት። «ካራቆሬን ስጠኝ» አለው። ሰውየው «ወዲያው ጌታዬ» ሲል ከማዳመጫው ውጭ ይሰማል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሰጠው። ከዚያ ወፍጮ ቤት ሰጠው። ወፍጮ ቤቱ «ስንት ኩንታል ነው?» ሲለው የሻለቃው አንገት ቀላ። ሦስተኛው ላይ እኔኑ መልሶ ሰጠው፤ ክዳኔ ዱብ አለ።

«ሠራተኛዋ የት አለች?» ብሎ ጮኸበት።

«ታስራለች ጌታዬ! ሎሪ ስትቆጥር ተይዛ ነው! እናትየዋም አብራ ናት፤ እዚያ ያለችው!»

ሻለቃው ማዳመጫውን ዝቅ አድርጎ አየኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም። ግን እትዬ አስካለ ከወንበርሽ እንዳትነሺ ብለውኛል፤ አልተነሳሁም።

«የምን ሎሪ ነው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ነገርኩት። ስለ ጋሼ መኮንን፣ ስለ ይማም አደራ፣ ስለ ጓዳው፣ «አለች» እየተባለ ስለሞቱት ሽማግሌ፣ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን ስለምንጠይቀው። «ዛሬ ጠዋት የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ደጇ ላይ የነበረው ሎሪ ነው፤ ሎሪ አለች። በግ ሲኖር በግ ትላለች። ማስረጃ ከፈለጉ ደብረ ሲናን ይጠይቁ፤ እዚያ ሁልጊዜ ጉም ነው።»

«ሎሪ ሲያልፍ ሎሪ ማለት ክልክል እንደሆነ አታውቁም?»

«ደጇ ላይ ሎሪ ቆሞ ምን ትበል፣ ጓድ ሻለቃ? ውሸት ትበል? ውሸት ከተናገረችኝ መኖሯን በምን አውቃለሁ?»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጋሼ ታደሰ ከመስኮቱ ውጭ ራሳቸውን ያዙ። ሻለቃው ግን «ሎሪ ሲያልፍ ከሎሪው በላይ ያለውን ትመልከት» አለ። «ሰማይ አለ አይደል? ሰማይ ትበል።» ማዳመጫውን አነሳ። «ስማ፣ አንተ! ልጅቱን አሁኑኑ አምጥተህ ወንበሯ ላይ አስቀምጣት። የምትጠይቃት ነገር ካለ እዚያው ወንበሯ ላይ ሆና ጠይቃት። መኪኖቼ ካራቆሬ ላይ ሳይቆሙ ቢያልፉ የምፈልገው አንተን ነው።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ። እሱ መኪኖቹን፣ እኔ ልጄን። አንድ ክዳን ዱብ ሲል ሁለታችንም ዘለልን፤ ጤና ጣቢያው ነበር።

በመጨረሻ የአጣዬ ክዳን ወደቀች።

«ሮቢት አለች?» አለችኝ። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ስታለቅስ ቆይታለች። ግን የእሷ ነው።

«አለች። ደጅሽ ምን አለ?»

«ሰው ከደጅ እስከ ወንበሬ ሞልቷል። መስኮቱ አይታየኝም።»

«ይበቃል» አልኳትና ሻለቃውን ሰጠኋት። ካራቆሬን ወዲያው አወጣችለት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። ለብዙ ቀን ታጣቂ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ ቀን ትሠራለች፣ ማታ ይጠይቋታል። ግን ሊያሻግሯት አልቻሉም። ቢያሻግሯት በሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት አጣዬ ተቋርጣለች ይባላል፤ ደብረ ሲና ይሰማል፣ አዲስ አበባና ደሴ ይሰማል፣ አንዱ ሻለቃ ደውሎ ይጮሃል። እያንዳንዱ «አለች» አንድ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ይገዛላት ነበር። ካድሬው ሰለቸውና ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደ።

ወደ እኔ ዞሩ። ሮቢት ላይ ስብሰባ ተጠራ፤ ሂስና ግለ ሂስ። በሕዝብ ፊት ቆሜ ጥፋቴን እንድናገርና ወረቀት ላይ እንድፈርም ነው። ከወረዳ የመጣው ሰው ብልህ ነው፤ አልጮኸም።

«ጓዲት ሉባባ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የታሰረችው የአንቺ ልጅ ባትሆን ኖሮ መስመሩን ታቋርጭው ነበር?»

ጋሼ ታደሰ ጫማቸውን ያያሉ። እኔ የፊት ወንበሩን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ልጄ ባትሆን ከዚያ በፊት አቋርጠው ነበር» አልኩ። «ሰውየው አንስቶ ሲሰድበኝ ወዲያው ነበር መናገር የነበረብኝ። ቁጭ ብዬ ያመነታሁት ልጄ ስለሆነች ነው። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን አላመነታም። ይህን ከፈለጋችሁ እፈርማለሁ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይ ጉድ» አለች። ሰውየው ወረቀቱን አጠፈው፤ ያዘጋጁት ይህንን አልነበረም። አልፈረምኩም። ከነገ ጀምሮ ስዊችቦርድ ላይ እንዳልቀመጥ ተባለ። ይኸው ነው፤ ከስልክ ቤት የወጣሁት እንዲህ ነው። ጆሮዬም አይደለም፣ አእምሮዬም አይደለም።

በማግስቱ ቤት ልቀመጥ ብል አልሆነልኝም። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ተሳፍሬ አጣዬ ወረድኩ። ይማም በሩ ላይ አቅፎ ሳመኝ፤ እያለቀሰ አግዳሚውን በጋቢው ጠረገልኝ። ልጄን ሥራ ላይ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች፤ ማዳመጫው ጸጉሯን ተጭኖታል፤ ታጣቂውም ከካድሬው ጋር ሄዷል። መምጣቴን አላወቀችም። ሰዓቱ ደርሶ የሮቢትን እጀታ በሁለት ጣት አዞረች።

ጠበቀች። እንደገና አዞረች። በኋላ ነው ዞር ብላ ያየችኝ።

«እማ! አንቺ እዚህ? ታዲያ ሮቢት ማን አለ?»

«እኔ አላውቅም። ለማንም ሳያስረክቡ ነው ያስነሱኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ዝም ነው የምትለው። እጀታው ደህና ነው። አሁን ሦስተኛዬ ነው።» አይኗ ውስጥ የዚያ የሎሪው ቀን ፍርሃት አለ፤ የእኔኑ ፍርሃት ነው የወረሰችው። «ብናገር ደግሞ በአንቺ ላይ ይከፋ ይሆናል።»

«አሁን ጎረቤትሽ አለች ወይስ የለችም?»

«የለችም።»

«ታዲያ እኔን ምን ታዪኛለሽ?»

ፋጡማ ወደ ሰሌዳው ዞረች። የካራቆሬን መስመር ሰካች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ካራቆሬ አለች? አጣዬ ነኝ። ሮቢት ተቋርጣለች።»